ስለ ንግድ ማዕቀብና ስላልታሰበው ውጤቱ

የንግድ ማዕቀብ ማለት፥ መንግሥታት ተስማምተው ውል ያፈረሰውን መንግሥት ያለ ጦርነት ለመቅጣት፥ ዕቃ እንዳይሸጡለት፥ ከእርሱም እንዳይገዙ፥ ገንዘብም እንዳያበድሩት መከልከል ነው። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን በሙሉ ልብ ካልተፈጸመ የታሰበው ቀርቶ ያልታሰበው ይመጣል። ለዚህም ምስክሩ በ1928 ዓ.ም. በኢጣልያ ላይ የተደረገው ማዕቀብ ነው።

ኢጣልያ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ፥ የዓለም መንግሥታት ማኅበር በውሉ በ16ኛው አንቀጽ መሠረት ፈረደባት፤ ማዕቀቡም ኅዳር 8 ቀን ተጀመረ። ነገር ግን እንግሊዝና ፈረንሳይ የሂትለርን ኃይል ይፈሩ ነበርና፥ ኢጣልያን እጅግ ብናስቀይማት ከጀርመን ጋራ ትወግናለች ብለው አመነቱ። ስለዚህ ለመኪናና ለአውሮፕላን የሚያስፈልገው ነዳጅ ዘይት አልተከለከለም፤ የስዌዝ ቦይም ለመርከቦቿ አልተዘጋም። አሜሪካና ጀርመንም የማኅበሩ አባሎች ስላልነበሩ ንግዳቸው በፍርዱ አልታሰረም። ነገሩ የፊቱን በር ዘግቶ የጓሮውን ክፍት እንደ መተው ሆነ።

ከዚህም አራት ያልታሰቡ ነገሮች ተከተሉ።

አንደኛ፥ የኢጣልያ ሕዝብ በሙሶሊኒ ላይ ያጉረመርማል ሲባል ከእርሱ ጋራ ተባበረ። ታኅሣሥ 8 ቀን ንግሥት ኤሌና ሳይቀሩ የጋብቻ ቀለበታቸውን ለመንግሥት ሰጡ፤ ብዙ ሴቶችም እንዲሁ አደረጉ።

ሁለተኛ፥ ኢጣልያ ከእንግሊዝ ትገዛው የነበረውን የድንጋይ ከሰል ወደ ጀርመን ዞራ ገዛች፤ ኪሳራውም ወደ ፈራጁ ተመለሰ።

ሦስተኛ፥ በዚያን ጊዜ የነበረችው ዩጎስላቪያ እንጨቷንና ከብቷን ለኢጣልያ ትሸጥ ነበር። ፍርዱን አክብራ ንግዷን ብታቋርጥ፥ ገበያዋ በጀርመን እጅ ወደቀ።

አራተኛ፥ ያ የተፈራው ነገር ራሱ ደረሰ። በጥቅምት 1929 ዓ.ም. ኢጣልያና ጀርመን ተስማሙ፤ በታኅሣሥ 1930 ዓ.ም. ደግሞ ኢጣልያ ማኅበሩን ትታ ወጣች።

ማዕቀቡ ኢጣልያን ጨርሶ አልጎዳትም ማለት አይደለም፤ ወርቋ ቀንሷል፥ ንግዷም ተዳክሟል። ነገር ግን ማዕቀብ በዝግታ ይሠራል፤ ጦር ግን ይፈጥናል። ጠላት በሰባት ወር ገደማ፥ ሚያዝያ 27 ቀን፥ አዲስ አበባ ገባ። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን በጄኔቭ ቆመው አቤቱታቸውን አሰሙ፤ ሆኖም ማዕቀቡ ሐምሌ 8 ቀን ተነሣ። ታላላቆቹ ለራሳቸው ሲጠነቀቁ፥ የጥንቃቄያቸውን ዋጋ ኢትዮጵያ በደም ከፈለች።

መምህሩ ይህን ሲያስተምር የመንደርን ፍርድ ምሳሌ ያድርግ። ለበደለኛ ሰው እሳትም ውሃም እንዳይሰጠው በሽማግሌ ቢፈረድ፥ አንዱ ጎረቤት ግን በስውር ቢሰጠው፥ በደለኛው ይጸጸታልን ወይስ ይደፍራል? ተበዳዩስ ከዚያ በኋላ በማን ፍርድ ይታመናል? ልጆቹ መልሱን ከነምክንያቱ ይናገሩ፤ ሽማግሌዎችም ካዩትና ከሰሙት ይጨምሩላቸው።