የቀሃ ቆሻሻ ባለቤት ማን ነው?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ጎንደር ቀሃ ወንዝ ዳር ነው። ከእኛ ከፍ ብሎ ያለ አንድ ሆቴል የመጸዳጃ ቤቱን ፍሳሽ በቱቦ ወደ ወንዙ ይለቃል። ማታ ማታ ሽታው ቤት አያስቀምጥም። ቀበሌ ስንሄድ «ክፍለ ከተማ ጠይቁ» እንባላለን፤ ክፍለ ከተማው ወደ ማዘጋጃ ቤት ይመራናል፤ እዚያ ደግሞ «ኅብረተሰቡም እኮ ቆሻሻ ይጥላል» ብለው መለሱን። ኃላፊነቱ የማን ነው? መክሰስስ እንችላለን?

መልስ፦ ትችላላችሁ። ከሁሉ በፊት ግን «ኅብረተሰቡም ይጥላል» የሚለውን መልስ ከመንገዳችሁ ላይ እናንሳው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 92 አካባቢን መጠበቅ የመንግሥትም የዜጎችም ግዴታ ነው ይላል፤ እውነት ነው። ይህን አንቀጽ የሚጠቅሱ ሰዎች አንቀጽ 44ን ሲዘሉት ግን በተደጋጋሚ አይቻለሁ። እሱ ደግሞ ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል። ጎረቤታችሁ ፌስታል ወንዝ ውስጥ መጣሉ ሆቴሉን ከተጠያቂነት አያወጣውም። ሁለቱም በየራሳቸው ጥፋት ይጠየቃሉ።

ሕጉ ኃላፊነቱን አስቀድሞ ከፋፍሎታል። በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 መሠረት አካባቢን መበከል የተከለከለ ነው፤ የበከለ ራሱ ያጸዳል ወይም የማጽጃውን ወጪ ይከፍላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ተጠያቂ ቱቦውን ወደ ወንዝ ያዞረው ሰው ነው። የከተማው አስተዳደር ደግሞ በዚሁ አዋጅ አንቀጽ 5 የከተማ ቆሻሻ መሰብሰቡን፣ መጓጓዙንና በአግባቡ መወገዱን የማረጋገጥ ግዴታ አለበት። ገንዳው ሞልቶ ሲፈስ ወደ ማዘጋጃ ቤት፣ ቱቦ ሲለቀቅ ወደ ሆቴሉ ጣታችሁን ቀስሩ። ሁለቱን አታቀላቅሉ።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። አፓፕ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የመብት ተሟጋች ድርጅት በአቃቂ ወንዝ ብክለት ጉዳይ የፌዴራሉን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ከሶ ነበር፤ አልተሳካለትም። የተከሰሰው በካዩ ሳይሆን ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ነበር። በእኔ አስተያየት ፍርድ ቤቶቻችን በዚህ ጉዳይ ይበልጥ ደፋር መሆን ነበረባቸው፤ እናንተ ግን በዚያ በር አትግቡ።

የእናንተ በር የአዋጁ አንቀጽ 11 ነው። ማንኛውም ሰው፣ የግል ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ በካዩ ላይ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። ለእናንተ ይህ ማለት የክልሉ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ፣ ወይም የተሰጠው ካላረካችሁ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ክስ መመሥረት ይቻላል። ማመልከቻው ጥር 20 ገቢ ቢሆንና ዝም ብትባሉ 30ው ቀን የካቲት 20 ያልቃል፤ እስከ ሚያዝያ 20 ክሳችሁን ማስገባት አለባችሁ። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው፤ «ነገ ተመለሱ» እየተባለ ሲመላለስ ቀኑ ያልፍበታል። በቃል ያመለከተ ደግሞ ያመለከተበትን ቀን የሚያስረዳበት ነገር የለውም። ስለዚህ ማመልከቻችሁን በሁለት ቅጂ አዘጋጁ፤ አንዱን ለመዝገብ ቤት ሰጥታችሁ በሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስመቱበት።

ማስረጃስ? ሆቴሉ ግቢ ዘልላችሁ መግባት የለባችሁም። የአካባቢ ተቆጣጣሪ ያለ ቅድሚያ ማስታወቂያና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ግቢ ገብቶ ናሙና የመውሰድ ሥልጣን አለው፤ በማመልከቻችሁ ይህንኑ ጠይቁ። ከእናንተ የሚጠበቀው ቱቦው ወደ ወንዙ የሚወርድበትን ቦታ ፎቶ ማንሳት፣ ፍሳሹ የሚለቀቅበትን ቀንና ሰዓት በደብተር መመዝገብና የጎረቤት ምስክር መያዝ ነው።

ጥምቀት በመጣ ቁጥር የፋሲል መዋኛ የሚሞላው ከዚሁ ከቀሃ በሚጠለፍ ውኃ መሆኑን በማመልከቻችሁ አንድ መስመር ብትጨምሩ አይከፋም። ወንዙ ከከተማው ወርዶ ወደ መገጭ፣ በመገጭ በኩል ደግሞ ወደ ጣና ይገባል። እምቦጭ የተባለው አረም በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጣና ላይ መጀመሪያ የታየው በመገጭ መግቢያ አካባቢ ነበር። ለአረሙ መስፋፋት ከማሳ የሚታጠበው ማዳበሪያም የከተማ ፍሳሽም ምግብ ይሆኑታል። ስለዚህ ጣና ዳር ያለ የደምቢያ ገበሬም አብሯችሁ ቢፈርም ሕጉ አይከለክለውም።

ከአዋጁ ውጭም መንገድ አለ። ከመልካም ጉርብትና ያለፈ ጭስ፣ መጥፎ ሽታ ወይም ጩኸት ጎረቤት ላይ ማድረስን የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1225 ይከለክላል። ሕግን ተላልፎ በካይ ነገር ወደ አካባቢ መልቀቅ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 519 እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ በሰው ጤና ወይም ሕይወት ላይ ከባድ ጉዳት ካደረሰ እስከ 10 ዓመት ይደርሳል። ይህንን ለፖሊስ ማመልከት ነው።

ልጅ ታሞባችሁ ወይም ጓሮ ተበላሽቶባችሁ ካሳ የምትፈልጉ ከሆነ የሕክምና ደረሰኝ አትጣሉ። የካሳ ክስ የሚቀርበው ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ በይርጋ ይታገዳል።