የአሠራር ገለጻ ድርሰት፦ የአየር ማቀዝቀዣ አካላትና አመረማመራቸው

ባለፉት ትምህርቶች አንድን ቦታ ወይም አንድን ሰው በቃላት የሚሥሉ ድርሰቶችን ተመልክታችኋል። በዚህ ትምህርት ደግሞ አንድ መሣሪያ እንዴት እንደሚሠራና ሲበላሽ እንዴት እንደሚመረመር የሚያስረዳውን የገለጻ ድርሰት እናጠናለን። በሥዕላዊ ድርሰት ውስጥ የዓረፍተ ነገሮች ቅደም ተከተል ቢዛነፍ የሚጎዳው የጽሑፉ ውበት ነው። በአሠራር ገለጻ ውስጥ ግን የሚጎዳው ጽሑፉን ተከትሎ የሚሠራው ሰው ነው። ለምሳሌ ይሆነን ዘንድ እንደ ድሬዳዋ፣ ጋምቤላና ሰመራ ባሉ ሞቃት ከተሞች የሚያገለግለውን የአየር ማቀዝቀዣ መርጠናል። ቀጥሎ ያለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ምንባብ

የአየር ማቀዝቀዣ ቅዝቃዜ አያመርትም፤ ሙቀትን ከክፍሉ ውስጥ አንሥቶ ወደ ውጭ ያወጣል። ሙቀቱን የሚሸከመው በተዘጋ ቱቦ ውስጥ የሚዘዋወር ጋዝ ነው። ኮምፕሬሰር የሚባለው መጭመቂያ ጋዙን ጨምቆ ግፊቱንም ሙቀቱንም ከፍ ያደርጋል። የጋለው ጋዝ በውጭ በኩል ባለው ጥምዝምዝ ቱቦ ሲያልፍ ሙቀቱን ለውጭው አየር ሰጥቶ ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሹ በጣም በቀጠነ ቱቦ ውስጥ ካለፈ በኋላ ግፊቱ ይወድቃል፤ ስለዚህ ወደ ውስጠኛው ጥምዝምዝ ቱቦ ሲገባ ይተናል፤ ለመትነን የሚያስፈልገውንም ሙቀት ከክፍሉ አየር ይወስዳል። እጁን በአልኮል አርሶ በነፋስ ያደረቀ ሰው ይህን ቅዝቃዜ ያውቀዋል።

በዚሁ ቀዝቃዛ ቱቦ ላይ የአየሩ እርጥበት ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል። ስለሆነም በመሣሪያው ጀርባ የሚወርድ ውኃ ሁልጊዜ የብልሽት ምልክት አይደለም። እንዲያውም አሜሪካዊው መሐንዲስ ዊሊስ ካሪየር እ.ኤ.አ. በ1902 የመጀመሪያውን ዘመናዊ የአየር ማስተካከያ የነደፈው በብሩክሊን ለሚገኝ ማተሚያ ቤት ሲሆን፣ ዓላማውም ወረቀት የሚያበላሸውን የአየር እርጥበት መቆጣጠር ነበር።

መሣሪያው አልቀዘቅዝ ሲል ብልህ ባለሙያ ከቀላሉ ይጀምራል። በሶኬቱ 220 ቮልት መኖሩን ይለካል፤ ማጣሪያው በአቧራ ታፍኖ እንደሆነም አውጥቶ ያጥበዋል። አየር በደንብ ካላለፈ ውስጠኛው ቱቦ በረዶ ይጋግራልና። ይህን ሳይመለከቱ «ጋዙ አልቋል» ማለት የተለመደ ነው። ነገር ግን ይህ ጋዝ እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም፤ ጎድሎ ከተገኘ በአንድ ቦታ ሾልኳል ማለት ነው። ቀዳዳውን ሳይደፍኑ አዲስ ጋዝ መሙላት በተሸነቆረ እንስራ ውኃ መቅዳት ነው።

ኤሌክትሪኩም ማጣሪያውም ደኅና ሆነው ኮምፕሬሰሩ ካልተነሣ ሽፋኑ ይከፈታል። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። ሞተሩን የሚያግዘው ካፓሲተር ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል፤ ስፒናው ከተነቀለ በኋላም የያዘውን ይዞ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ባለሙያው ስፒናውን ነቅሎ፣ ሽፋኑን ፈትቶ፣ ጫፎቹን በእጁ ሳይነካ በ20,000 ኦም ሬዚስተር አገናኝቶ ኤሌክትሪኩን ያራግፋል። ቮልቱ ዜሮ መሆኑን በመለኪያ ካረጋገጠ በኋላ ሽቦዎቹን ይነቅላል። ባለመርፌ ኦሜትር ሲያያዝበት የደኅና ካፓሲተር መርፌ ወደ ዜሮ ዘሎ ቀስ በቀስ ይመለሳል። ዜሮ ላይ ከቀረ ውስጡ ተነካክቷል፤ ጨርሶ ካልተንቀሳቀሰ ተቋርጧል። አቅሙ የደከመውን ግን ይህ ፈተና አይለይም፤ ለዚያ ማይክሮፋራድ የሚለካ መሣሪያ ያስፈልጋል።

የኮምፕሬሰሩ ሞተር ሦስት ጫፎች አሉት፤ የጋራ፣ የማስነሻና የማስኬጃ ይባላሉ። ሽቦዎቻቸው ተነቅለው ሁለት ሁለቱ ሲለኩ ትልቁ ልኬት የሁለቱ ትንንሾች ድምር መሆን አለበት፤ 2 ኦምና 5 ኦም ከተገኘ ሦስተኛው 7 ኦም ያህል ይሆናል። ከማናቸውም ጫፍ ወደ ብረት አካሉ ሲለካ መርፌው ዜሮን ካሳየ ኮምፕሬሰሩ መለወጥ አለበት። ማስነሻውና ማስኬጃው እርስ በርስ ተገናኝተው ከጋራው ጫፍ ጋር ብቻ ካልተገናኙ ግን ለፍርድ መቸኮል አይገባም፤ ሞተሩ ከመጠን በላይ ግሎ ውስጣዊ መከላከያው ተከፍቶ ሊሆን ስለሚችል እስኪቀዘቅዝ ድረስ ይጠበቃል።

የቋንቋ ማስታወሻ

በምንባቡ ውስጥ «ነቅሎ»፣ «ፈትቶ»፣ «አገናኝቶ» የሚሉት ቃላት ቦዝ አንቀጾች ናቸው። ብቻቸውን ዓረፍተ ነገርን አይዘጉም፤ «ያራግፋል» የሚለውን ማሰሪያ አንቀጽ ይጠብቃሉ። ከዚህ ይልቅ ልብ ልትሉት የሚገባው ግን ከማሰሪያው በፊት የተፈጸመውን ድርጊት በየተራው ማመልከታቸው ነው። አሁን ይህን ተመልከቱ፦

«ባለሙያው ካፓሲተሩን በእጁ አውጥቶ ኤሌክትሪኩን ያራግፋል።»

ይህ ዓረፍተ ነገር የሰዋስው ስሕተት የለበትም። ባለቤቱና ማሰሪያው ተስማምተዋል፤ ቦዙም በቦታው ነው። ነገር ግን እንደተጻፈው የሚሠራ ሰው በኤሌክትሪክ ይመታል። ሁለተኛውን ደግሞ እዩ፦

«ሽቦዎቹን ንቀል፤ ከዚያ በፊት ግን ካፓሲተሩን አራግፍ።»

የዚህ ሐሳብ ትክክል ነው፤ አጻጻፉ ግን መጥፎ ነው። መሣሪያ በእጁ የያዘ ሰው አንድ ሐረግ አንብቦ ያንኑ ይሠራል እንጂ ሁሉንም አንብቦ እስኪጨርስ አይጠብቅም። «በፊት» የሚለው ቃል ሲደርስ እጁ ሽቦው ላይ ነው። ስለዚህ ማስጠንቀቂያ ሁልጊዜ ከድርጊቱ ቀድሞ ይጻፋል፤ የተከለከለውም ድርጊት «ሳይነካ» እንደሚለው በአሉታ ከተፈቀደው ጋር ተያይዞ ይነገራል።

መልመጃ

1. «ጋዙ አልቋል» እና «ጋዙ ሾልኳል» በሚሉት ዓረፍተ ነገሮች መካከል ያለውን የትርጉም ልዩነት አስረዱ። የመሣሪያው ባለቤት የሚከፍለው ገንዘብ በዚህ ልዩነት እንዴት እንደሚለወጥም ግለጹ።

2. የሚከተሉትን ድርጊቶች በትክክለኛ ቅደም ተከተል አስተካክላችሁ፣ ቢያንስ ሦስት ቦዝ አንቀጾች ባሉት አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ ሽቦዎቹን መንቀል፣ ስፒናውን መንቀል፣ ጫፎቹን መለካት፣ ካፓሲተሩን ማራገፍ፣ ሽፋኑን መፍታት።

3. የከሰል ምድጃ አቀጣጠልና አያያዝን የሚገልጽ የሁለት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ስለሚያስከትለው የጭስ መመረዝ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ በስንተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ መግባት እንዳለበት ከጓደኞቻችሁ ጋር ተወያይታችሁ ወስኑ።