ኒክ ሳባን ማያሚ ላይ ለምን አልቀናውም?

ኒክ ሳባን በአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል ሰባት ብሔራዊ ዋንጫ ያነሳ አሰልጣኝ ነው፤ አንዱን በሉዊዚያና ስቴት፣ ስድስቱን በአላባማ ዩኒቨርሲቲ። በሁለቱ መካከል፣ በ2005 እና በ2006 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)፣ ማያሚ ዶልፊንስ የተባለውን የፕሮፌሽናል ቡድን ይዞ 15 ጨዋታ አሸነፈ፣ 17 ተሸነፈ። ችሎታው ለሁለት ዓመት ጠፍቶ የተመለሰ አይመስለኝም። የተለየው ተጫዋች የሚገኝበት መንገድ ነው።

በፕሮፌሽናሉ ሊግ ከኮሌጅ የሚወጡ ወጣቶች የሚከፋፈሉት ድራፍት በሚባል ሥርዓት ነው፤ ባለፈው ዓመት መጨረሻ የወጣው ቡድን ቀድሞ ይመርጣል። በዚያ ላይ የደመወዝ ጣሪያ አለ። ጠንካራው ብዙ እንዳይርቅ ታስቦ የተሠራ ነው። ኮሌጅ ውስጥ ግን ልጁ ዩኒቨርሲቲውን ራሱ ይመርጣል፤ አሰልጣኙም ቤቱ ድረስ ሄዶ፣ ከወላጆቹ ጋር ሳሎን ተቀምጦ ያግባባዋል። በሳባን ዘመን አንድ ቡድን 85 ተጫዋቾችን በነጻ ማስተማር ይችል ነበር። ከአገሪቱ ምርጥ ልጆች ብዙዎቹን በዚያ ቁጥር ውስጥ ያስገባ አሰልጣኝ ገና ሳይጫወት ቀድሟል፤ በዚህ ምልመላ ደግሞ ሳባንን የሚስተካከል አልነበረም።

ማያሚ ላይ ይህ ዕድል አልነበረውም። በ2006 ድሩ ብሪስ የተባለው ኳርተርባክ፣ ማለትም ማጥቃቱን የሚመራው ኳስ ወርዋሪ፣ ለገበያ ቀርቦ ነበር። ሐኪሞች የተጎዳ ትከሻውን ስለተጠራጠሩት ቡድኑ በምትኩ ዳንቴ ከልፔፐርን አመጣ። ከልፔፐር አራት ጨዋታ ብቻ ተጫወተ፤ ብሪስ ኒው ኦርሊንስ ሄዶ የሊጉን ፍጻሜ፣ ሱፐር ቦውልን፣ አሸነፈ። እንዲህ ያለውን ስህተት አላባማ ላይ ተቀያሪ ይሸፍነዋል፤ ማያሚ ላይ ግን የሚሸፍን አልነበረም።

ምልመላ ብቻ ነው ማለቴ አይደለም፤ ጥንቃቄውም አለ። የሳባን አባት ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ነዳጅ ማደያ ነበረው፤ ልጁ ያጠበው መኪና ላይ እድፍ ካየ እንደገና ያሳጥበው ነበር። በ1998 የሚሺጋን ስቴት አሰልጣኝ ሳለም ከአንድ የሥነ አእምሮ መምህር ጋር መክሮ፣ ተጫዋቾቹ ውጤቱን ረስተው ስለ ቀጣዩ ጥቂት ሰከንድ ብቻ እንዲያስቡ አደረገ፤ አንደኛ የነበረውን ኦሃዮ ስቴትንም 28 ለ 24 ረቱ። የዝነኛ ዘዴው መነሻ ይኸው ነው።

ዘዴውና ምልመላው ሲገናኙ ምን እንደሚሆን በጥር 2018 ታየ። በብሔራዊው ዋንጫ ፍጻሜ የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ቡድን እስከ እረፍት አላባማን 13 ለ 0 ሲመራ፣ ሳባን ቋሚውን ኳርተርባክ ጄለን ኸርትስን አስቀምጦ ከሃዋይ የመለመለውን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ቱዋ ታጎቫይሎአን አስገባ። በጭማሪው ሰዓት ታጎቫይሎአ 41 ያርድ ወርውሮ ለሌላ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ አቀበለ፤ ጨዋታው በአላባማ አሸናፊነት 26 ለ 23 አለቀ። አሰልጣኙ ደፋር ነው ተባለ። ድፍረቱ አለ፤ ግን ሌላው አሰልጣኝ ቢደፍርስ ማንን ያስገባ ነበር?

ከ2021 ጀምሮ ተጫዋቾች ከስማቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቀደ፤ ዓመት ሳይቀመጡ ዩኒቨርሲቲ መቀየርም ቀለለ። ዕድሉን የሚጠብቅ ተቀያሪ ማቆየት ውድ ሆነ። ሳባን በጥር 2024፣ በ72 ዓመቱ፣ ጡረታ ወጣ።