ዋሳችን ማን ነው?

ስለ ጌታችን ስለ ኢየሱስ ክርስቶስ አምላክነት፤ ለጉባኤና ለቤተ ሰብ የተዘጋጀ ትምህርት

የሚነበበው፦ ዮሐንስ 1፥1-18፤ ማርቆስ 2፥1-12፤ ዕብራውያን 7፥22-28።

ከምእመናን ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚቀርብልን አንድ ጥያቄ አለ። ጎረቤቶቻችን፥ አንዳንድ ጊዜም የገዛ ዘመዶቻችን፥ «እናንተ ኢየሱስን አማላጅ ትሉታላችሁ፤ አማላጅ ግን ከሚለምነው ያንሳል፤ እንግዲያስ ጌታን ፍጡር አድርጋችሁታል» ይሉናል። በሌላ ወገን ደግሞ መጽሐፍ ይዘው ከቤት ወደ ቤት የሚዞሩ ሰዎች መጥተው፥ ኢየሱስ በእርግጥ ከፍጥረት ሁሉ የሚበልጥ ፍጡር ነው እንጂ አምላክ አይደለም ብለው ያስተምራሉ። ምእመኑ በሁለቱ መካከል ቆሞ ዝም ይላል። ዝምታው ትሕትና ሊመስል ይችላል፤ ዳሩ ግን በሐዘን ቀን፥ በሕመም አልጋ ላይ፥ ኅሊናም በሚከስስበት ሌሊት ያ ያልተመለሰ ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል፤ የታመንሁበት እርሱ ማን ነው? ያድነኝስ ዘንድ ይችላልን?

እንግዲህ በዚህ ትምህርት ሦስት ነገር እንመረምራለን። መጀመሪያ፥ መጻሕፍት ስለ ጌታችን ማንነት ምን እንደሚመሰክሩ፤ ሁለተኛ፥ የቀድሞዋ ቤተ ክርስቲያን ስለዚህ ነገር ለምን እንደ ተጋደለች፤ ሦስተኛ፥ አምላክነቱና አማላጅነቱ እንዴት እንደሚስማሙ እንመለከታለን።

1. የመጻሕፍት ምስክርነት

በቅፍርናሆም አንድ ሽባ ሰው በአራት ሰዎች ተሸክመውት መጣ። ሕዝቡም ስለ ከለከላቸው ጣራውን ነድለው በጌታ ፊት አወረዱት። እነርሱ የመጡት ስለ እግሩ ነበር፤ ጌታችን ግን አስቀድሞ የኀጢአቱን ስርየት ሰጠው። በዚያ የተቀመጡት ጻፎችም ኀጢአትን ማስተስረይ የአንዱ የእግዚአብሔር ብቻ ሥራ መሆኑን በልባቸው አሰቡ። በዚህ አሳባቸው አልተሳሳቱም። አንድ ሰው የጎረቤቱን የእህል ክምር ቢያቃጥል፥ በመንገድ የሚያልፍ ሌላ ሰው ቆሞ ይቅር ብዬሃለሁ ሊለው አይችልም፤ ይቅር ማለት የሚችለው እህሉ የተቃጠለበት ባለቤቱ ነው። ኀጢአት ሁሉ በእግዚአብሔር ላይ የሚደረግ በደል ነው። ስለዚህ ያ ስርየትን የተናገረው ሰው ወይ ተሳድቦአል፥ ወይም የተበደለው ጌታ ራሱ በዚያ ቤት ውስጥ ቆሞአል። ሽባው አልጋውን ተሸክሞ በወጣ ጊዜ ከሁለቱ እውነተኛው የትኛው እንደ ሆነ ተገለጠ።

ሁለተኛውን ምስክር ከስግደት እንውሰድ። ቆርኔሌዎስ በጴጥሮስ እግር ሥር በወደቀ ጊዜ ጴጥሮስ ሰው መሆኑን ነግሮ አስነሣው (የሐዋርያት ሥራ 10፥25-26)። የልስጥራ ሰዎች ለጳውሎስና ለበርናባስ መሥዋዕት ሊሠዉ በፈለጉ ጊዜ ሁለቱ ልብሳቸውን ቀድደው ከለከሏቸው (14፥11-15)። ዮሐንስ በመልአኩ ፊት ሊሰግድ በወደቀ ጊዜ መልአኩ ከለከለው (ራእይ 22፥8-9)። ደጋግ ሰዎችና ቅዱሳን መላእክት ስግደትን እንደ እሳት ይሸሻሉ። ጌታችን ግን በታንኳ የነበሩት ሲሰግዱለት አልከለከላቸውም (ማቴዎስ 14፥33)፤ ከትንሣኤው በኋላም እግሩን ይዘው የሰገዱለትን ሴቶች አልገሠጻቸውም (28፥9)። ቶማስ ጌታውና አምላኩ አድርጎ በጠራው ጊዜም (ዮሐንስ 20፥28) ቃሉን አላረመውም፤ እንዲያውም ሳያዩ እንደዚሁ የሚያምኑትን ብፁዓን አላቸው። እነዚህ ደቀ መዛሙርት ከሕፃንነታቸው ጀምሮ እግዚአብሔር አንድ ብቻ መሆኑን የተማሩ አይሁድ እንደ ነበሩ አንርሳ። ለፍጡር መስገድ ለእነርሱ ከሞት የሚከፋ ነገር ነበረ።

ሦስተኛውም ምስክር የዮሐንስ ወንጌል መጀመሪያ ነው። ወንጌላዊው ከሆነው ነገር ሁሉ አንዳች እንኳ ያለ ቃል እንዳልሆነ ይነግረናል። እንግዲህ ያለው ነገር ሁሉ ወይ ፈጣሪ ነው፥ ወይም ፍጡር ነው፤ በመካከል ሌላ ስፍራ የለም። ዮሐንስ ቃልን ያቆመው በፈጣሪው ወገን ነው። ከዚያም ያ ቃል ሥጋ ሆኖ በመካከላችን እንዳደረ ይመሰክራል።

2. የቀድሞዋ ቤተ ክርስቲያን ተጋድሎ

በአራተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በእስክንድርያ አርዮስ የሚባል ቄስ ተነሣ። ትምህርቱም ወልድ ከሌሎቹ ፍጥረታት ሁሉ በፊት የተፈጠረና ከሁሉ የከበረ ነው፤ ነገር ግን ከመፈጠሩ በፊት አልነበረም የሚል ነበረ። አርዮስ ክርስቶስን ሊሰድብ አልተነሣም፤ እጅግ ከፍ አድርጎ አክብሮታል። የከለከለው የመጨረሻውን ክብር ብቻ ነው። ከዚህም ኢየሱስን በብዙ ቃል ማመስገንና ኢየሱስን አምላክ ብሎ ማመን አንድ እንዳልሆኑ እንማራለን። ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ የጻፈ አንድ የታሪክ ጸሓፊ እንደሚነግረን፥ አርዮስ ትምህርቱን በስብከት ብቻ አላሰራጨም፤ መርከበኞች፥ ወፍጮ የሚፈጩ ሰዎችና መንገደኞች የሚያዜሟቸውን መዝሙሮች አዘጋጀ። ሰው ስብከትን ሊረሳ ይችላል፤ በሥራ ላይ ሳለ የሚያዜመው ግን በልቡ ይቀራል።

በ325 ዓ.ም. በአውሮፓ አቈጣጠር ንጉሠ ነገሥቱ ቆስጠንጢኖስ ጳጳሳቱን በኒቅያ ሰበሰበ። በቤተ ክርስቲያን ልማድ ቍጥራቸው 318 ይባላል፤ በአገራችንም ሠለስቱ ምእት በሚል ስም ይታወቃሉ። ከጉባኤው ወዲህ በ2025 ዓ.ም. በዚያው አቈጣጠር 1700 ዓመት ተፈጽሞአል። አባቶች በዚያ ወልድ ከአብ የተወለደ እንጂ የተፈጠረ እንዳልሆነ፥ በባሕርይም ከአብ ጋር አንድ እንደ ሆነ መሰከሩ። ሰው ቀንበር ይሠራል፤ ቀንበሩ ግን ሰው አይደለም። ሰው ልጅ ቢወልድ ግን ልጁ እንደ አባቱ ሰው ነው። የወልድ ልደት በእርግጥ እንደ ሥጋ ልደት አይደለም፤ ዘመን የለውም፥ መጀመሪያም የለውም። ፀሓይ ያለ ብርሃን የኖረበት ሰዓት እንደሌለ፥ አብም ያለ ወልድ የኖረበት ጊዜ የለም።

ጉባኤው ሲፈጸም ክርክሩ አልተፈጸመም። በኒቅያ ዲያቆን ሆኖ የተገኘው አትናቴዎስ በ328 ዓ.ም. የእስክንድርያ ጳጳስ ሆነ፤ ስለዚህም እምነት አምስት ጊዜ ከመንበሩ ተሰደደ፤ የስደቱም ዘመን በጠቅላላው 17 ዓመት ያህል ነው። ይህ ታሪክ ለእኛ የሩቅ አገር ታሪክ አይደለም። ከጢሮስ የመጣውን ፍሬምናጦስን፥ እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለውን፥ ለአክሱም ጳጳስ አድርጎ የሾመው ይኸው አትናቴዎስ ነው። በ356 ዓ.ም. ገደማ የቆስጠንጢኖስ ልጅ ቆንስጣንዮስ አትናቴዎስን አሳድዶ ለአክሱም ገዢዎች ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ፤ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ተመልሶ በአትናቴዎስ ስፍራ በተቀመጠው በጊዮርጊስ ፊት ስለ እምነቱ እንዲመረመር ፈለገ። ይህ ደብዳቤ በአትናቴዎስ ጽሑፍ ውስጥ ተጠብቆ እስከ ዛሬ ይነበባል። ያ ታላቅ ንጉሥ እጁን እስከ አክሱም ቢዘረጋም፥ የአክሱም ቤተ ክርስቲያን የኒቅያን እምነት ጠብቃ ኖረች።

ስለዚህ የኦርቶዶክስ ወንድሞቻችን ስለ ክርስቶስ አምላክነት በሚቀኑበት ጊዜ ቅናታቸው መልካም ነው፤ በዚህ ነገር ከእነርሱ ጋር አንድ ቃል አለን። የሉተራን ቤተ ክርስቲያን በ1530 ዓ.ም. በአውግስቡርግ ባቀረበችው የእምነት መግለጫ በመጀመሪያው አንቀጽ የኒቅያን ውሳኔ ተቀብላለች። ማርቲን ሉተርም በ1529 ዓ.ም. ባወጣው ትንሹ ካቴኪዝም፥ ከዘላለም ከአብ የተወለደው እውነተኛ አምላክ፥ ከድንግል ማርያምም የተወለደው እውነተኛ ሰው የገዛ ጌታው እንደ ሆነ ልጆች እንዲመሰክሩ አስተምሮአል።

3. ዋስና አማላጅ

እነዚያ አባቶች ስለ አንድ ቃል ብቻ ያን ሁሉ መከራ ተቀበሉን? አይደለም፤ ስለ መዳናችን ነው እንጂ። የዕብራውያን መልእክት ጌታችንን የሚሻለው ኪዳን ዋስ ብሎ ይጠራዋል (7፥22)። በአገራችን ዋስ የሚሆን ሰው ማን ነው? ራሱ በዕዳ የተያዘ ሰው ለሌላ ባለ ዕዳ ዋስ ልሁን ቢል ዳኛው አይቀበለውም። ዋስ ሀብት ያለው፥ ቃሉም የሚታመን መሆን አለበት፤ ባለ ዕዳው ቢያቅተው ከገዛ ገንዘቡ ይከፍላልና።

ፍጡር ሁሉ፥ መልአክም ቢሆን፥ ያለውን ሁሉ ከፈጣሪው ተቀብሎአል። በፍጹም ልቡ ቢያገለግል እንኳ የሚገባውን ብቻ አደረገ፤ ለሌላው የሚከፍለው ትርፍ የለውም። ኢየሱስ ፍጡር ቢሆን ኖሮ ዋሳችን ድኻ፥ ተስፋችንም ከንቱ በሆነ ነበር። ነገር ግን ዕዳው የሰው ዕዳ ነው፤ ስለዚህ የሚከፍለው ሰው መሆን ነበረበት። ለዚህም ሀብት ሁሉ ያለው ጌታ ሥጋችንን ለብሶ በባለ ዕዳው ስፍራ ቆመ። በዚህም የእግዚአብሔር ፍቅር ይታወቃል። ወልድ ፍጡር ከሆነ እግዚአብሔር በሩቅ ተቀምጦ ሌላውን ወደ ሞት ልኮአል። ወልድ አምላክ ከሆነ ግን አምላክ ራሱ ወደ እኛ መጥቶአል።

አሁን ወደ ጎረቤቶቻችን ጥያቄ እንመለስ። አማላጅ በተባለ ጊዜ በልባችን የሚሣለው በታላቅ ሰው በር ቆሞ ደጅ የሚጠና ለማኝ ነው፤ ይቀበለው ወይም ይመልሰው እንደ ሆነ አያውቅም። ጌታችን ግን እንዲህ አይደለም። እርሱ ደጅ አይጠናም፤ የቤቱ ልጅ ነው፥ በአብም ቀኝ ተቀምጦአል። አንድ ጊዜ ስለ ሁሉ ያቀረበው መሥዋዕት በአብ ፊት ሕያው ሆኖ ይኖራል፤ አማላጅነቱም ይህ ነው። ሊራራ የማይወድ አብን ወልድ የሚያባብለው አይደለም፤ ወልድን ከፍቅሩ የተነሣ የላከው አብ ራሱ ነውና (ዮሐንስ 3፥16)። ስለዚህ አማላጅ መሆኑ ሰው ስለ ሆነልን ነው፤ አማላጅነቱ የማይወድቀውም አምላክ ስለ ሆነ ነው። አማላጅ ነው ወይስ ፈራጅ ነው ብለው ለሚጠይቁንም ሁለቱንም እንመሰክርላቸው። አብ ፍርድን ሁሉ ለወልድ ሰጥቶአል (ዮሐንስ 5፥22)፤ የሚፈርደውና ስለ እኛ የሞተው አንድ ነው።

ምናልባት ሰው ጌታ አብ ከእርሱ እንደሚበልጥ መናገሩን ያነሣ ይሆናል (ዮሐንስ 14፥28)። ይህ የባሪያን መልክ ይዞ ራሱን ዝቅ ባደረገበት ወራት የተናገረው ነው (ፊልጵስዩስ 2፥6-8)። ደግሞም በቈላስይስ 1፥15 በኵር መባሉ የተፈጠረ መሆኑን ያሳያል የሚሉ አሉ። ነገር ግን የሚቀጥለው ቍጥር ሁሉ በእርሱ እንደ ተፈጠረ ይናገራል። ዳዊትም ከእሴይ ልጆች ታናሹ ሳለ በመዝሙር ውስጥ በኵር ተብሎአል፤ ቃሉ የክብርን ስፍራ ያሳያልና።

4. ይህ ትምህርት በኑሮአችን

በመጀመሪያ፥ እስጢፋኖስ በሞቱ ሰዓት ነፍሱን ለጌታ ለኢየሱስ አደራ እንደ ሰጠ (የሐዋርያት ሥራ 7፥59)፥ እኛም ሳንፈራ ወደ እርሱ እንጸልይ። ሁለተኛ፥ መዝሙሮቻችንን እንመርምር። ስለ አንድ ነቢይ ወይም ስለ አንድ መልአክ ሊዘመር የሚችል መዝሙር ዜማው ቢያምርም ለጌታችን አይበቃም። ሦስተኛ፥ ለሚጠይቁን በየዋህነት እንመልስ (1ኛ ጴጥሮስ 3፥15)። ክርክር ረትተን ጎረቤታችንን ብናጣ ምን እናተርፋለን? አራተኛ፥ በታመመ ሰው አጠገብ ስንቀመጥ ስለ መልካም ሥራው አንቍጠርለት፤ ይልቁንም ዋሱ ማን እንደ ሆነ እንንገረው። ዕዳው ብዙ ነው፤ ዋሱ ግን ሰማይንና ምድርን የፈጠረው ነው።

ለመወያየት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ. ጌታችን ሽባውን ከመፈወሱ በፊት የኀጢአትን ስርየት ለምን ሰጠው?
ለ. ጴጥሮስና መልአኩ ስግደትን ሲከለክሉ ጌታችን ለምን ተቀበለ?
ሐ. ኢየሱስን እጅግ እያከበሩ አምላክነቱን መካድ እንዴት ይቻላል? በዘመናችን ይህ የት ይታያል?
መ. አማላጅ ብትሉት ፍጡር አደረጋችሁት ለሚላችሁ ጎረቤት በራሳችሁ ቃል ምን ትመልሳላችሁ?
ሠ. በጉባኤያችሁ ከሚዘመሩት መዝሙሮች አምላክነቱን በግልጥ የሚመሰክሩት የትኞቹ ናቸው?

ስለ እኛ ሰው የሆነው እውነተኛ አምላክ፥ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ፥ በዚህ እምነት እስከ መጨረሻ ያጽናን። አሜን።