ልጄ ትምህርት ቤት ማማተብ አትችልም?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ልጄ በመንግሥት ትምህርት ቤት ምሳ ሰዓት ላይ ስታማትብ መምህሯ «እዚህ አይፈቀድም» አሏት። እውነት ነው? ቤታችን ውስጥ የጽዋ ማኅበር ብንጠጣስ ይፈቀዳል?

መልስ፦ እውነት አይደለም፣ እህቴ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1962 እ.ኤ.አ. የከለከለው ትምህርት ቤቱ ራሱ ጸሎት አዘጋጅቶ ማስጸለዩን ነው። ልጅዎ በራሷ ፈቃድ ብታማትብ፣ ከምግብ በፊት ብትጸልይ፣ ትምህርት እስካላወከች ድረስ መብቷ ነው። መምህር ሊያስጸልያትም ሊከለክላትም አይችልም። ጉዳዩን ለርእሰ መምህሩ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ በቃል ብቻ የተነገረ አቤቱታ ይረሳል። ቤትዎ ውስጥ ማኅበር መጠጣትም መብትዎ ነው፤ የድምፅና የመኪና ማቆሚያ ደንቡን ግን እንደ ማንኛውም ጎረቤት ማክበር አለባችሁ። ልጅዎን «አይዞሽ» ይበሏት፤ ማተቧንም አታውልቅ።