ትሪ ይዤ ስገባ ሰው ሁሉ የሚያየኝ ለምን ይመስለኛል?

በዚህ ወር የምንማማረው ሰው ስለ መፍራት ነው። እንግዳ ፊት ቡና ይዞ መግባት፣ ስልክ አንስቶ በዓረብኛ መመለስ፣ እሁድ ስንሰበሰብ ተነስቶ ስምን መናገር እንኳ ሲያቅት ማለቴ ነው። እኛ አገር «ዓይን አፋር ናት፣ ጨዋ ናት» ተብሎ ይታለፋል። ጨዋነትማ ጥሩ ነው፤ እንቅልፍ የሚነሳ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው።

እኔ ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ መልሱን እያወቅሁ እጄን አላወጣም ነበር። እዚህ ከመጣሁ ደግሞ ባሰብኝ። ትሪውን ይዤ ሳሎን በር ላይ ስደርስ «አሁን እደፋዋለሁ፣ ይስቁብኛል» የሚል ሐሳብ ይመጣል፤ ወዲያው እጄ ይንቀጠቀጣል።

አሮን ቤክ የሚባል አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም በፈረንጆች 1960ዎቹ ያስተዋለው ይህንኑ ነው። በሚያጋጥመን ነገርና በስሜታችን መሃል ብልጭ የምትል ሐሳብ አለች። ከፍጥነቷ የተነሳ እውነት ትመስለናለች። ሕክምናው እሷን ይዞ «ማስረጃሽ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። «አይዞሽ፣ ደግ ደጉን አስቢ» ማለት አይደለም። እሱ እኔን ረድቶኝ አያውቅም።

በ1995 ደግሞ ዴቪድ ክላርክና ኤድሪያን ዌልስ የተባሉ እንግሊዛውያን ፍርሃቱ ለምን አልለቅ እንደሚል ጻፉ። አንደኛ፣ በዚያን ሰዓት የምናየው እንግዳውን ሳይሆን ራሳችንን ነው። ልባችን ሲመታ ውጭ የሚሰማ ይመስለናል። ሁለተኛ፣ መከላከያ ብለን የምናደርገው ነገር ያባብሰዋል። ትሪውን ጨምድዶ የያዘ እጅ ይበልጥ ይንቀጠቀጣል። ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች «ምን አልሽ?» ትባላለች። ክፉ ነገር ሳይደርስ ሲቀር ደግሞ «አጥብቄ ስለያዝኩ ነው የተረፍኩት» እንላለን እንጂ ፍርሃታችን ውሸት ነበር አንልም። እኔ ይሄን ሳነብ ስለ እኔ የተጻፈ ነው የመሰለኝ!

ሌላም አለ። በአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን የሚያሳፍር ሥዕል ያለበት ካናቴራ አልብሰው ሰው የተሰበሰበበት ክፍል አስገቧቸው። ውጤቱ በ2000 ታትሟል። የለበሱት «ግማሽ ያህሉ አይተውታል» ብለው ገመቱ። ያስተዋለው ግን ሩብ ያህሉ ብቻ ነበር።

እኔም ደብተር ገዛሁ። (ደግነቱ እዚህ ቤት አማርኛ የሚያነብ የለም።) መጀመሪያ በትሪው ልጀምር ብዬ አቃተኝ፤ ስለዚህ ሊፍት ውስጥ ጎረቤትን ሰላም ከማለት ጀመርኩ። ቆይቼ ነው ትሪው ላይ የደረስኩት። ከመግባቴ በፊት «አምስቱም እጄን ያያሉ፣ አንዷ ትስቃለች» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ትሪውን ላላ አድርጌ ይዤ፣ ቀና ብዬ እነሱን አየሁ። አንዷ ስልኳን ትነካካለች፣ ሁለቱ ስለ ሠርግ ያወራሉ፣ አንዷ ልጅ ትቆጣለች። እጄ ተንቀጥቅጧል፣ ትንሽ ቡናም ማስቀመጫው ላይ ፈስሷል። አምስተኛዋ ግን ስኒውን ተቀብላ «ይስለሙ ኢደይኪ» አለችኝ፤ እጅሽ ይባረክ እንደ ማለት ነው። ማታ ይሄንኑ ከግምቴ ጎን ጻፍኩት።

ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። አንድ ቀን ዱካን ሄጄ ቃል ተሳስቼ ስናገር እውነትም ሳቁብኝ። እሱንም ጻፍኩ፦ «ሳቁ፤ ከዚያ የጠየቅሁትን ሰጡኝ፤ ሲመሽ ረሳሁት።»

አንድ ነገር ግን እንለይ። መዳም የምትመታሽ ከሆነ ወይም ደመወዝሽን የያዙብሽ ከሆነ ፍርሃትሽ ማስረጃ አለው። እሱ በደብተር የሚድን የሐሳብ ስህተት አይደለም፤ ለምታምኛት እህት ቶሎ ንገሪ፣ መፍትሔውን አብረን እንፈልግ።

የቤት ሥራ፦ እስከሚቀጥለው እሁድ አንድ ትንሽ የምትፈሩትን ነገር ምረጡ። ከመሞከራችሁ በፊት ግምታችሁን፣ በኋላ ደግሞ የሆነውን ጽፋችሁ ኑ። ለማንበብ ማንም አትገደድም። እኔ መጀመሪያ ተነስቼ የእኔን አነባለሁ፤ ድምፄ ይንቀጠቀጥ ይሆናል፣ ቁጠሩልኝ ስንቶቻችሁ እንዳስተዋላችሁ።