ዝቅተኛ ኃይል ያለው ሌዘር ለካርፓል ተነል ሲንድረም፦ የሦስት ምክሮች ልዩነት ከምን ይመነጫል?

ካርፓል ተነል ሲንድረም ሚዲያን የተባለው ነርቭ በእጅ አንጓ ውስጥ በሚያልፍበት ጠባብ መተላለፊያ ሲጫን የሚከሰት ሕመም ነው። የመተላለፊያው ወለልና ግድግዳ የአንጓ አጥንቶች፣ ጣሪያው ደግሞ እምብዛም የማይለጠጥ ሊጋመንት ነው፤ ከነርቩ ጋር ጣቶችን የሚያጥፉ ዘጠኝ ቴንደኖች አብረው ያልፉበታል። (በአማርኛ ሁለቱም “ጅማት” ስለሚባሉ፣ አንዳንዴም ነርቭ ራሱ በዚሁ ስም ስለሚጠራ፣ እዚህ ለመለየት ሲባል የውጭዎቹ ቃላት ተወስደዋል።) ሕመምተኛው በአውራ ጣት፣ በጠቋሚ፣ በመሀል ጣትና በቀለበት ጣት ግማሽ ላይ፣ በተለይ ሌሊት የሚበረታ መደንዘዝና መውረር ይሰማዋል። ግፊቱ ከቆየ የነርቩ ሽፋን፣ ቀጥሎም ክሮቹ ይጎዳሉ፤ በአውራ ጣት ሥር ያለው ጡንቻም ይከሳል። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ የደቡብ ስዊድን ጥናት በሐኪም ምርመራና በነርቭ ልኬት የተረጋገጠው ሕመም ከአዋቂው ሕዝብ 2.7 በመቶ ያህሉን እንደሚይዝ ገምቷል።

ሌዘር ወደዚህ ሕክምና የመጣው ዙሪያ ጥምጥም በሆነ መንገድ ነው። የሃንጋሪው ሐኪም ኤንድሬ ሜስተር በ1960ዎቹ መጨረሻ ጸጉራቸው በተላጨ አይጦች ላይ ሲሞክረው ጸጉራቸው ፈጥኖ መብቀሉን አስተዋለ። ዛሬ በሰፊው የሚጠቀሰው ማብራሪያ፣ ብርሃኑ በማይቶኮንድሪያ ውስጥ ያለውን ሳይቶክሮም ሲ ኦክሲዴዝ የተባለ ኢንዛይም አነቃቅቶ የሕዋሱን የኢነርጂ ምርት ይጨምራል የሚል ነው። ጨረሩ አይቆርጥም፣ አያቃጥልም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2002 ለዚህ ሕመም አንድ መሣሪያ ለገበያ እንዲቀርብ ፈቅዷል፤ የፈቃዱ ቃል ግን ሕመምን ለጊዜው ለማስታገስ በተጨማሪነት እንዲያገለግል ብቻ የሚል ነው።

ከዚያ በኋላ የወጡት ምክሮች እርስ በርሳቸው አይስማሙም። የአሜሪካ የአጥንት ቀዶ ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ሌዘር ከፕላሴቦ ይሻል ይሆናል የሚል ውስን ማስረጃ እንዳለ ገለጸ። በ2017 የወጣው የኮክሬን ክለሳ 22 ሙከራዎችንና 1153 ተሳታፊዎችን መርምሮ የማስረጃው ጥራት እጅግ ዝቅተኛ መሆኑን፣ ሕክምናው ይጠቅማል ለማለትም እንደማይበቃ ደመደመ። በ2019 የአሜሪካ የፊዚዮቴራፒ ማኅበር መመሪያ ይህን ሕክምና ባለሙያዎች እንዳይጠቀሙበት መከረ። በሦስት ዓመት ውስጥ በአመዛኙ አንድ ዓይነት ጽሑፎችን ያነበቡ አካላት “ይሻል ይሆናል”፣ “አይታወቅም”፣ “አትጠቀሙ” ማለታቸው ማብራሪያ ይሻል።

ዋናው ምክንያት “ሌዘር” የሚለው ስም አንድን ሕክምና አለማመልከቱ ነው። በአንድ ነጥብ ላይ የሚያርፈው ኢነርጂ የመሣሪያው ኃይል በሰከንድ ተባዝቶ ይገኛል፤ 30 ሚሊዋት ያለው መሣሪያ በ60 ሰከንድ 1.8 ጁል ሲሰጥ፣ 200 ሚሊዋት ያለው በዚያው ጊዜ 12 ጁል ይሰጣል። የሞገድ ርዝመቱም ጨረሩ ምን ያህል ጠልቆ እንደሚገባ ይወስናል፤ ቀዩ ብርሃን ከኢንፍራሬዱ ይልቅ በቆዳ ይዋጣል። በተጨማሪም የሚለካው ቆዳ ላይ የሚያርፈው ነው፤ ቆዳንና ሊጋመንቱን አልፎ ነርቩ ዘንድ የሚደርሰው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። እነዚህን ሁሉ በአንድ አማካይ ውጤት መደመር የአንድን መድኃኒት አሥር ሚሊግራምና መቶ ሚሊግራም ሳይለዩ እንደመደመር ነው። በአንጻሩ “መጠኑ አነስተኛ ስለነበር ነው” የሚለው የደጋፊዎች መልስ ከሙከራው በኋላ ብቻ የሚነሳ ከሆነ ሊፈተን የማይችል ማምለጫ ይሆናል። መጠኑ አስቀድሞ መወሰንና መመዝገብ አለበት።

ሁለተኛው ምክንያት ማነጻጸሪያው ነው። በበርካታ ሙከራዎች ሁለቱም ቡድኖች አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ መደገፊያ ሌሊት ያስራሉ። መደገፊያው ብቻውን ምልክቱን ስለሚቀንስ፣ ለሌዘሩ የሚቀረው ልዩነት ትንሽ ነው፤ ያንን ለመለየት ደግሞ ብዙ ተሳታፊ ያስፈልጋል። የሚገርመው የዓይነ ስውር ሙከራ ዘዴ ለዚህ ሕክምና ከብዙ የፊዚዮቴራፒ ዘዴዎች ይልቅ የሚቀል መሆኑ ነው፦ ኢንፍራሬድ ጨረር አይታይም፣ በዚህ መጠን ሙቀቱም እምብዛም አይሰማም፤ ስለዚህ የጠፋ መሣሪያ እንደበራ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል።

የክትትሉ ማጠርም አለ። ከሕክምናው በኋላ ባሉት ሳምንታት የሕመም ስሜት መቀነሱ ነርቩ ከግፊት ለመውጣቱ ማረጋገጫ አይሆንም፤ በሕመምተኛው መልስ ላይ የሚመሠረተው የቦስተን መጠይቅና የነርቭ ፍጥነት ልኬት ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ይህ በክሊኒክ ትልቅ ትርጉም አለው። ምልክቱ ቀላል ለሆነ ሰው ሌዘር ቢያንስ ጉዳት አያስከትልም፤ የሚያባክነው ገንዘብና ጊዜ ነው፤ ያለ ኤሌክትሪክ የሚሠራው መደገፊያም ቀድሞ ሊሞከር ይገባል። የአውራ ጣቱ ጡንቻ መክሳት የጀመረ፣ ወይም ድንዛዜው ቀንም ሌሊትም የማይለቀው ሕመምተኛ ግን ለሌዘር ሲመላለስ የሚያልፉት ሳምንታት ሊመለስ የማይችል የነርቭ ክር ሊያሳጡት ይችላሉ፤ እንዲህ ያለው ሰው ሊጋመንቱን በመክፈት ግፊቱን ወደሚያነሳ ቀዶ ሐኪም በቶሎ መላክ አለበት።